የሐጂ አደም ድመት

ሰሞኑን አራዳ አንድ ሽቶ ነጋዴ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ሰውየው የዝባድ ቀንድ ከፈተ። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣው ቅባት ነው፤ ለአንዱ የሙሽራ ሽታ ነው፣ ለሌላው የሀብታም ነጋዴ። ለእኔ የድመት ሽታ ነው። ይህን ለነጋዴው ብነግረው እቃውን የማረክስበት መሰለውና ቀንዱን ደፈነው።

የእኛ አገር ሰው ስለ ድመት የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ብትመነኩስም ዓመሏን አለመርሳቷ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሻ ሰው ይወዳል፣ ድመት ግን የምትወደው ቤት ነው የሚለው ነው። በመጀመሪያው ላይ፣ ዓመሉን ረስቶ የመነኰሰ ሰው እስካይ ድረስ ድመቲቱን አልወቅስም። ሁለተኛው ግን ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ መጻሕፍት ስለ አንበሳና ስለ እርግብ ብዙ ይላሉ፣ ስለ ድመት ሲሆን ዝም ይላሉ። ያወቅሁት በልጅነቴ፣ አንኮበር፣ በአንድ የመኸር ወቅት ነው።

ያን ጊዜ ንጉሡ ሰፈሩን ወደ እንጦጦ አንሥቶ ነበር። አባቴና እናቴም ከሰፈሩ ጋር ወጡ፤ እኔን ፊደል እንድቆጥር ብለው አያቴ ዘንድ ተዉኝ። አንኮበር እንግዳ የተሸኘበት ቤት መስላ ነበር። ጉሙ ብቻ እንደ ድሮው ጧት ጧት ከቆላው እየወጣ በየደጁ ይገባል። ሹማምንቱ ሄዱ፤ አይጦቹ ቀሩ። በግቢው ጎተራ ተቀማጥለው የኖሩት አይጦች፣ ጎተራው ሲራቆት ወደ ድሃው ቤት ወረዱ። የቤተ መንግሥት አይጦች ናቸውና ምርጫ ያውቃሉ፤ ከገብሳችን ይልቅ የአያቴን ብራና ወደዱ።

አያቴ መሪጌታ ወልዴ ጸሐፊ ነበሩ። ለደብሩ የእመቤታችንን መጽሐፍ ጽፈው ለኅዳር ማርያም ሊያስረክቡ ቃል ገብተው ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ የመጨረሻ መጽሐፋቸው እንደሚሆን በቤቱ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ጧት ተነሥተው ጥራዙን ቢገልጡ ዳር ዳሩ እንደ ቂጣ ተገምጧል። አልተቈጡም። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ በጣታቸው ሲዳስሱት ቆዩ።

በዚያው ሰሞን ሐጂ አደም መጡ። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው፣ ጥጥና ዝባድ ይነግዳሉ፣ ለአያቴም ሙጫና ቀይ ቀለም የሚያስመጡላቸው እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ነበሩ። ሐጂ አደም ከእኛ ቤት ሥጋ አይቀምሱም፣ እኛም ከእሳቸው ቤት አንቀምስም፤ ይህ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የታወቀ ነገር ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። ቆሎና ማር ግን ሃይማኖት የላቸውም፤ በቆሎና በማር ነው ያረጁት።

«አደም፣ አይጥ ጨረሰኝ» አሉ አያቴ።

«እኔ ምን ላድርግህ? አይጥ አልነግድ።»

«ድመት አምጣልኝ።»

ሐጂ አደም ቆሏቸውን ቆርጠም ቆርጠም እያደረጉ አሰቡ። «ድመትማ አለችኝ። ግን ስማ ወልዴ፣ የቤቴ ሰው ናት። ላውስህ እንጂ አልሰጥህም።»

«መጽሐፌ እስኪያልቅ ነው።»

«አንተ መጽሐፍህ አልቆ ያውቃል?»

በሚቀጥለው ጉዟቸው አመጧት። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በተሸፈነ ቅርጫት ነበር የመጣችው፤ ቅርጫቱም የዝባድ ቀንድ የሚጫንበት ነው። ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። ከዚያ አንዲት ቀይ፣ የጅራቷ ጫፍ ነጭ የሆነ ድመት ወጣች፤ ቤታችንን ዞር ብላ አየችና፣ እንግዳ ሆና የመጣችው እሷ ሳትሆን እኛ እንደሆንን ሁሉ፣ ከብራናው ክምር ላይ ወጥታ ተኛች።

እዚህ ላይ የልጅ አእምሮዬን ሥራ ልናገር። ሐጂ አደም ዝባድ ዝባድ ይሸታሉ። አሽከሮቻቸውም ይሸታሉ። እኔ ከእነሱ በቀር ሌላ እስላም በቅርብ አላውቅም፤ ስለዚህ ያ ሽታ የሃይማኖታቸው ሽታ ይመስለኝ ነበር። ድመቷ በዚያው ሽታ ስትመጣ ነገሩ ተቆረጠ። ቢሆንም ማስረጃ ፈለግሁ፤ ማስረጃውም በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ሐጂ አደም ከጓሯችን ሲሰግዱ አይቼ ነበር፤ አስቀድመው እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እስከ ጆሯቸው ድረስ ይታጠባሉ። ድመቷም መዳፏን እየላሰች ፊቷን፣ ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ ታጥባለች። ስትጨርስ የፊት እግሮቿን ዘርግታ፣ ወገቧን ከፍ አድርጋ፣ ግንባሯን ወደ መሬት ታቀርባለች። ረቡዕና ዓርብም አይጥ ትበላለች። በቀን ስንቴ እንደምትታጠብ መቁጠር ጀመርሁ፤ ከአምስት እጅግ ስለበለጠብኝ፣ እንግዲህ ከሐጂ አደም ይልቅ እሷ ጽኑ ናት ብዬ ደመደምሁ።

አይጦቹ በጥቂት ጊዜ ጠፉ። ከዚያ በኋላ ሥራዋ አያቴ ሆኑ። አያቴ «አንቺ፣ ውረጅ» ይሏታል፤ የምትወርደው ግን እሷ አይደለችም፣ ብራናው ነው ወደ ሌላ ጉልበታቸው የሚዛወረው። የመቃ ብዕራቸው ሲንቀሳቀስ ጫፉን በዓይኗ ትከተላለች፤ አንዳንድ ጊዜ በመዳፏ መታ ታደርገዋለች፣ ያን ጊዜ አያቴ ፊደሉን በቢላ እየፋቁ «ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም» ይላሉ። አያቴ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ለማንም ይህን ያህል ቃል ሲያወጡ አልሰማሁም ነበር። መስመር በጻፉ ቁጥር ያነቡላታል። እሷም ከሆዷ ጉር፣ ጉር፣ ጉር ትላለች።

«ምንድን ነው የምትለው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጸሎት ትደግማለች» አሉ አያቴ።

በማግስቱ የመጡት ሐጂ አደም ይህን ሰሙና ሳቁ። «ዚክር ላይ ናት፣ አላህን እያወሳች! ከእኔ ቤት ጀምሮ እንዲህ ናት። አንተ ቤት ተማረችው ልትል ነው?»

«ድምፁን ስማው እንጂ፤ የአንኮበር ዜማ ነው።»

«ወልዴ፣ ቀለሜን ብቻ የምትወስድ መስሎኝ ነበር፤ ድመትም ልትቀማኝ ነው።»

እኔ በዚህ ክርክር ተጨነቅሁ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ የእኔ ማስረጃ ደግሞ ከሐጂ አደም ጋር ነው። ነገሩን ወደ አክስቴ ይዤው ሄድሁ። አክስቴ ዘነበች፣ የአያቴ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቤታችንን የምታስተዳድር ሴት ነበረች። «አክስቴ፣ ድመቷ እኮ ትሰግዳለች» አልኋት። አክስቴ እስክታነባ ሳቀች። ጥሩ ቀልድ ስላገኘች ለማኅበር እኅቶቿ ወስዳ አወራችው። ወይዘሮ ደስታ ግን አልሳቀችም።

ወይዘሮ ደስታ የማርያም ማኅበሩን የምትመራ ሴት ናት። በማግስቱ ከደጃችን ቆማ፣ ሳትገባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዘነቡ፣ በጥቅምት ማኅበሩ አንቺ ቤት ነው አይደል?»

«አዎ እቴ፣ እመቤቴ ካለች።»

«የእስላም እጅ ያረደውን በልታ ያደገች ድመት ጋንሽን ስትልስ፣ ጽዋሽን ስትልስ ማን ያያታል? እኔ ምንም አልልም። ሌሎቹ ግን አንቀምስም ብለዋል።»

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

«ሌሎቹ ናቸዋ» አለችና ሄደች።

ሰው ይህን ሲሰማ አክስቴ ላይ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ አልስቅም። ለአንዲት ልጅ አልባ ሴት ማኅበር ማለት ስትታመም ውሃ የሚያቀብላት፣ ስትሞት ከአልጋዋ የሚያወርዳት ሰው ማለት ነው። ጽዋዋ ሳይቀመስ ቢመለስ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ናት። በአንድ ወገን አክስቴ ማኅበሯን፣ በሌላው ወገን አያቴ ድመታቸውን፤ ሁለቱም ያላቸው ያችኑ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ትመለስ» አለቻቸው።

«መጽሐፉስ?»

«እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«አይጥ ትይዣለሽ?»

«አባባ፣ አይቀልዱብኝ። ስሞት እሷ ናት የምታለቅስልኝ?»

አያቴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ድመቷ ጉልበታቸው ላይ ነበረች። «ኅዳር ሩቅ አይደለም» አሉ፤ ይህም እምቢ ማለታቸው ነበር።

አክስቴ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች። እሳቸውም ድመት ጥምቀት የላትም፣ ይህን የመሰለ ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺ ብለው ገሠጿት። ነገር ግን ሲሸኟት፣ ጠበል ለቤትና ለእቃ ቢረጭ ክፋት የለውም አሉ። አክስቴ ከዚህ ሁሉ ተግሣጽ ውስጥ ይዛ የተመለሰችው የመጨረሻዋን ቃል ነው። ድመት የቤት እቃ ናት ብላ ወሰነች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅል ጠበል ይዛ መጣች። አያቴ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። እኔ እንድይዝ ታዘዝሁ፤ እኔም በደስታ ያዝሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው ይስማማል ብዬ ነበር። አክስቴ «በስመ አብ» ብላ ረጨች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በሙሉ ማየት አልቻልሁም፤ እጄ ይደማል፣ ቅሉ ይንከባለላል፣ ጠበሉ በአክስቴ ቀሚስ ላይ ነው፣ ቀይ ጅራትም ከአጥሩ በላይ አልፋ በጉሙ ውስጥ ገባች።

አያቴ ሲነቁ ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ማንንም አልጠየቁም። ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ እስከ ማምሻው ድረስ ከጽዱ በታች፣ ከገደሉ አፋፍ «ውሮ! ውሮ!» የሚለው ድምፃቸው ይሰማ ነበር። መሪጌታ ወልዴ በቅኔ ማኅሌት የታወቀ ድምፅ ነበራቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

የጥቅምቱ ማኅበር ደረሰ። ጠላው ተወደደ፣ ዳቦው ተመሰገነ፣ ወይዘሮ ደስታም ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ፊቷ በርቶ ነበር። ጸሎቱ ተደርጎ ጽዋው ሲነሣ ግን፣ ከዳቦው ቅርጫት አንዲት አይጥ ዘላ በወይዘሮ ደስታ ጭን ላይ አለፈች። ጩኸቱ እስከ ደብሩ ተሰማ ይባላል። አይጧ እንኳ በቤታችን ተወልዳ ያደገች፣ ከእኛ እጅ በቀር ሌላ ያልበላች ንጹሕ ክርስቲያን ነበረች፤ በዚህ በኩል ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ አያቴ ጥራዛቸውን አንሥተው አዩት። እንደገና ዳር ዳሩ ተገምጧል። «ነገ በቅሎ ለምኑልኝ» አሉ። «ወደ አደም እወርዳለሁ።»

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ አየሩ እንደ ልብስ አንድ በአንድ ከላይህ ይወልቃል። ከላይ ጉምና ወይራ፣ ከታች አቧራ፣ ሙቀት፣ ዳገቱን መውጣት የማይችሉ ግመሎች ተንበርክከው። ሐጂ አደም ከደጃቸው ተቀበሉን።

«እኔማ ትመጣለህ ብዬ ነበር» አሉ። «እሷ ቀድማሃለች።»

«መንገዱን ሳታይ?»

«መንገዱን ሳታይ።»

በጥጥ ከረጢቶቹ መካከል ተኝታ ነበር፤ ሆዷ ሥር ገና ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎቿ ይርመሰመሳሉ። አያቴ ከአጠገቧ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም ነበር። እሷ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ያው ጉር ጉር ተጀመረ።

«ለምን እንደ ሸሸች ግን አልገባኝም» አሉ ሐጂ አደም።

እኔ ገባኝ። «አክስቴ ጠበል ረጭታት ነው» አልሁ።

የሐጂ አደም ሚስት ሐሊማ ውሃ ይዛ ልትሰጠን ነበር፤ ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። «አላህ ይጠብቀን። ነገ ‹ከሐጂ አደም ቤት አንዷ ተጠምቃለች፣ ሌሎቹስ ምን ይጠብቃሉ?› ብለው ቢመጡብንስ?»

በዚያ ዘመን እገሌ አገር ‹ተጠመቅ› ተባለ፣ እገሌ ርስቱን ተነጠቀ የሚል ወሬ በየገበያው ይዞር ነበር፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ፣ ሐጂ አደም መሬቱን ማየታቸውና አያቴ የብራና ከረጢታቸውን ገመድ ሳይፈቱትም ሳያስሩትም መነካካታቸው ብቻ ነው። እኔ ሐሊማ የፈራችው ድመቷ ቤት ውስጥ ስብከት እንዳትጀምር መሰለኝ።

«አደም» አሉ አያቴ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ነገር በአንተ ላይ ሲመጣ አልይ።»

«ብታይስ ምን ታደርጋለህ?»

አያቴ ይህን ጥያቄ አስበው እውነተኛውን መልስ ሰጡ። «አላውቅም» አሉ።

ሐጂ አደም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅር ያላቸው አይመስልም ነበር። «ይልቅ እሷን ምን እናድርጋት? እያጠባች አትወስዳትም።»

«አልወስዳትም። እኔ እዚህ ልጻፍ።»

«እኔ ግቢ? የማርያምን መጽሐፍ?»

«ላይ ቤት ጉሙ ቀለሙን አያደርቅልኝም። እዚህ ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ሐጂ አደም ወደ ድመቷ አዩ፣ ወደ አያቴ አዩ። «ብርሃኑስ ጥሩ ነው» አሉ።

እስከ ኅዳር ድረስ በየገበያው ቀን እየወረድን ሁለት ሦስት ቀን እንቀመጥ ነበር። አያቴ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ይጽፋሉ፤ ሐሊማ ቆሎና ማር ታቀርባለች፤ የሰላት ሰዓት ሲደርስ አያቴ ብዕራቸውን አንሥተው ዝም ይላሉ። ድመቷን የተመለከትኋት ያን ጊዜ ነው። እኛ በሌለንበት ቀን ከጥጡ መሐል አትነቃነቅም ይላል የሐጂ አደም አሽከር። የበቅሏችንን ኮቴ ስትሰማ ግን ግልገሎቿን ጥላ ትመጣለች፤ ያላለቀው ጥራዝ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ስንመለስም እስከ ግመሎቹ ማደሪያ ትሸኘናለች። ቤትማ ቤቷ ነው። ድመት ቤት ትወዳለች ያለው ሰው፣ አንዲትም ድመት ተከትላው አታውቅም ማለት ነው።

አንድ ቀን ሐጂ አደም በአያቴ ትከሻ በኩል አዩ። «ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«የማርያም ስም ነው። ስሟ በቀይ ነው የሚጻፍ።»

«እኛም መርየም እንላታለን፤ ክብሯን እናውቃለን።»

«እንግዲያውስ ለስሟ ስትል ቀዩን ቀለም መርቅልኝ።»

«ይህን ልትለኝ ነው ለካ ስሟን ያሳየኸኝ!»

መጽሐፉ ለኅዳር ማርያም ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ገልጠው ያዙት፣ ሕዝቡም ተራ ገብቶ ተሳለመ። አክስቴ ከሴቶቹ ፊት ነበረች፣ ወይዘሮ ደስታ ከኋላዋ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ፤ ይህ መጽሐፍ የት እንደተጻፈ አውቃለሁና፣ አንድ ነገር ይሆናል፣ ወይ ብራናው ይጮኻል ወይ ጣሪያው ይሰነጠቃል ብዬ እጠብቅ ነበር።

አክስቴ ጎንበስ ብላ፣ የማርያም ስም በቀይ ከተጻፈበት ላይ ተሳለመች። ቀና ስትል ከንፈሯን ነካች። በሁለት ጣቶቿ መካከል አንዲት ቀጭን ቀይ ፀጉር ያዘች። ወደ ፀሐዩ አድርጋ አየቻት። ከዚያ አያቴን አየች፤ አያቴ ጣሪያውን ያያሉ።

«ምን ሆንሽ እቴ?» አለች ወይዘሮ ደስታ።

አክስቴ እጇን ጨበጠች። «ምንም። ነይ ተሳለሚ፣ ተራሽ ነው» አለቻት፤ ሌሎቹንም ሁሉ እስኪጨርሱ ከዳር ቆማ አየች።

ቤት ስንገባ ቁጣ ጠበቅሁ። አክስቴ ነጠላዋን አጥፋ ሰቀለች፣ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ሳትዞር ተናገረች።

«አባባ፣ መጨረሻውን የት ጻፉት?»

«ብርሃን ካለበት።»

«እሷም ነበረች?»

«ነበረች።»

አክስቴ እንጨቱን ገፋች። «ግልገሎቿ ጡት ጥለዋል?»

«ገና ናቸው።»

«ሲጥሉ ይዘዋት ይምጡ።»

አያቴ ልጃቸውን ብዙ አዩ። «ማኅበርሽስ?»

«ማኅበሬማ» አለች አክስቴ፣ «ዛሬ እሷ የተኛችበትን ተሳልሞ ገባ። ከእንግዲህ ምን ይለኛል?»